ራሳችንን እንገምግም

ማስታወቂያው እርማት ክፍል የገባው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። በሠናይ ፊደል ማተሚያ ቤት የሽንት ቤት ቁልፍ ጠፋ የሚለው ወረቀት እንኳ ወይዘሮ ለተሚካኤል ሳትፈርምበት ግድግዳ አይነካም። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የኖረው። አንድ ፊደል ተዛብቶ ካገኘች የጻፈውን አስጠርታ፣ በሰው ፊት አቁማ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አፍንጫው ሥር እያወዛወዘች ታሳፍረው ነበር። ነበር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ግን ከእሷና ከገብረዮሐንስ በቀር በዚያ ፎቅ ላይ የሚያውቅ የለም።

እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንባቢው ደንበኛው ያመጣውን ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ አራሚዋ የሙከራውን ገጽ እየተከተለች የተበላሸውን በቀይ ታርማለች። ገብረዮሐንስ ሲያነብ ነጠላ ሰረዙንም አራት ነጥቡንም ይጠራል፤ "ንጉሡ ሠ"፣ "እሳቱ ሰ" እያለ ሞክሼዎቹን ሳይቀር ይለያል። አሥራ ሰባት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዲህ ሲሠሩ ኖሩ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገብረዮሐንስ "የመስኮቱ ብርድ ጀርባዬን ፈጀው" አለና ወንበሩን አንስቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ብርድ የሚባል ነገር አልነበረም። የለተሚካኤል ዓይን ደመና ለብሶ፣ ፊደሉ ሁሉ የፈሰሰ ቡና መስሎባት፣ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ስትንገላታ አይቷት ነው። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ያመጣውንም የሙከራውንም የሚያየው እሱ ነው። ስህተት ያለበት ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ እሷ ጣቱ ካረፈበት ታሰምራለች፤ መጨረሻ ላይ ትፈርማለች። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

እሷም ውለታ ነበራት። ገብረዮሐንስ የሚጥል በሽታ አለበት። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር ተዘርሮ ሲንፈራገጥ በሩን ቆለፈች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሱ ሥር አደረገች፣ አረፋውን ጠረገች፣ ከውጭ ሲንኳኳ "ሥራ ላይ ነን!" ብላ ጮኸች። በየወሩ መድኃኒቱን ሊያመጣ ሲሄድም የሚጠይቃትን ሁሉ "ለቅሶ አለበት" ትላለች። የሰውየው ዘመድ አለቀ እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ያን ማክሰኞ ገብረዮሐንስ ማስታወቂያውን አንስቶ ማንበብ ጀመረ። "ለሠራተኞች በሙሉ፣ ሁለት ነጥብ። ድርጅታችን የሠራተኞች ጤንነት መርሐ ግብር ለመጀመር ያለውን ዝግጁነት ለማወቅ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ግምገማ ስለሚካሄድ..."

"ምን ስለሚካሄድ?"

"ግምገማ።"

ለተሚካኤል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህን ቃል ወጣቶቹ እንደ ማንኛውም ቃል ይጠሩት ይሆናል። እሷና ገብረዮሐንስ ግን ኖረውበታል። ማተሚያ ቤት ከመግባቷ በፊት በሠራችበት መሥሪያ ቤት በየሦስት ወሩ አዳራሽ ተዘግቶባት ተገምግማለች። ትናንት አብሮህ ምሳ የበላ ሰው ተነስቶ ድክመትህን የሚዘረዝርበት፣ አንተም የእሱን የምትዘረዝርበት፣ ስትወጡ ዓይን ለዓይን የማትተያዩበት ስብሰባ ነው ግምገማ። በዚያ አዳራሽ የተረፈው ሁልጊዜ ቀድሞ የተናገረው ነበር። ይህን ትምህርት አልረሳችውም።

"ጥናት ብንለውስ?" አለ ገብረዮሐንስ። "ወይም ዳሰሳ። ጤንነትና ግምገማ ባንድ መስመር ሲመጣ ሰዉ ይበረግጋል።"

"ተወው። የመጡበትን ጉዳይ በስሙ ጠርተውታል። እኛ ምን ቤት ነን የምናሳምርላቸው?"

እንዲህ ብላ ፈረመች። ክፋት ነበረበት፤ ሌላው ሲበረግግ ማየት አማራት።

እስከ ምሳ ሰዓት ማስታወቂያውን ያላነበበ አልነበረም። የፒያሳ ግማሹ በፈረሰበት፣ ከመስኮቱ ማዶ የነበረው ቤት ሁሉ ተጠርጎ ባዶ ሜዳ በሆነበት ዘመን ሠራተኛው መጥፎ ወሬ ለማመን ብዙ አያስፈልገውም። የማሽን ክፍሉ ዘርኡ ደረጃው ላይ ቆሞ ተረጎመላቸው።

"ነቄ ብለናል! ሕንፃውን ማፍረስ ስላልተቻለ ሰዉን ሊያፈርሱት ነው። የታመመውን ለቅመው ያወጡታል፣ የቀረነውን ስፖርት ያሠሩናል!"

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በሕንፃው ውስጥ ያሳለ ሰው የለም።

ረቡዕ አጥኚዋ መጣች። ዊንታ ትባላለች፤ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ካለ አማካሪ ድርጅት የተላከች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ላፕቶፕ ታቅፋ ለሁሉም ፈገግ የምትል ልጅ። ሠራተኛውን አንድ በአንድ እያስገባች ስትጠይቅ ውላ ለተሚካኤል ጋ ደረሰች። ስሟን ከዝርዝሩ ላይ እንዳነበበች በትግርኛ "ከመይ ኣለኺ ኣደይ?" ብላ ሰላም አለቻት።

"በአማርኛ ጠይቂኝ። በአገር ልጅነት አትምጪብኝ።"

ዊንታ ቀላች። "ይቅርታ እትዬ። ጤንነትዎን ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ቢሰጡት ስንት ይሰጡታል?"

"አምስት። ስድስት ካለሽ ስድስት አድርጊልኝ።"

"ዓይንዎስ? ሥራዎ ከዓይን ጋር ስለሆነ ነው።"

"መርፌና ክር አምጪና ላሳይሽ።"

ልጅቷ ግን መርፌ ከቦርሳዋ ብታወጣ ምን ይዋጣት ነበር? ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፣ አፍንጮ በር ካለችው ሁለት ክፍል ቤትና ከዚህች ወንበር በቀር የኔ የምትለው ነገር የላትም። ከወንበሩ ከተነሳች ሌላ የምታውቀው ሙያ የለም፤ አፏን ሞልታ የምትቆጣው ሰውም አይኖርም። የሚያስፈራት ይኸኛው ነበር።

"እትዬ ለተሚካኤል፣ የሚነግሩኝ በእኔና በእርስዎ መካከል ነው የሚቀረው" አለች ዊንታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"በዚህ ቤት በሁለት ሰው መካከል የሚቀር ነገር የለም፣ የኔ እመቤት። ጨረስሽ?"

ዊንታ አርባ አንድ ሠራተኛ ጠይቃ አርባ አንድ አምስት ሰበሰበች። እንዲህ ጤነኛ የሆነ ድርጅት አይታ ስለማታውቅ ለሐሙስ በተጠራው ስብሰባ ሁሉንም ባንድ ላይ ስታወያያቸው ይፈታሉ ብላ አሰበች። ሥራ አስኪያጁን አቶ ተስፋሁንን ስብሰባው ላይ እንዳይገኙ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን "እኔም እኮ ሠራተኛ ነኝ" አሉና ከኋላ ወንበር ስበው፣ እግራቸውን አነባብረው ተቀመጡ።

ሐሙስ አራት ሰዓት፤ አዳራሹ ሞልቷል። ሰዉ ለምርመራ እንደተጠራ ሁሉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሏል። ዊንታ እጇን አፍታታ፣ ፈገግ ብላ፣ በመልካም ልብ ጀመረች።

"ዛሬ ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም። በነፃነት እንወያይ። ጤንነታችን እንደ ቡድን ምን ይመስላል? ምን ይጎድለናል? እስቲ ራሳችንን እንገምግም።"

የመጨረሻውን ባትላት ኖሮ ምናልባት ዝም ብለው ይበተኑ ነበር።

"የአካሄድ ጥያቄ!" ዘርኡ ተነሳ። "ግምገማ ከሆነ በሥርዓቱ ይሁን። መድረክ የሚመራ ይመረጥ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ይመረጥ። መጀመሪያ ግለ ሂስ፣ ቀጥሎ ሂስ።"

ዊንታ ይህን ተሳትፎ መሰላት። "በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው!" አለች። ምስኪን! ዘርኡ ራሱ መድረክ መሪ ሆነ። ወረቀት ከሚጠርዙት መካከል ዙህራ ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ተመረጠች፤ ግለ ሂሱንም እንድትጀምር ተደረገ።

"እኔ..." አለች ዙህራ እስክሪብቶውን እንደያዘች። "እኔ ወገቤን አሞኛል ብዬ በዚህ ዓመት ሁለት ቀን ቀርቻለሁ። ድክመቴ ነው። አርማለሁ።"

"የዙህራን ግለ ሂስ እንዴት ታዩታላችሁ?"

"አልተሟላም!" አለ አንዱ ከጥግ። "ሁለት ቀን አይደለም፣ አራት ነው። ደግሞ ወገቧን ሳይሆን እግሯን ነው የሚያማት፤ ደረጃ ስትወጣ ታርፋለች።"

"አንተስ?" ዙህራ ተቆጣች። "ደም ብዛትህን ለምን አልተናገርክም? የኪኒን ማሸጊያህን መስኮት ላይ የምትጥለው አንተ አይደለህም?"

ከዚህ በኋላ የሚይዘው ጠፋ። የአንዱ ስኳር፣ የሌላው ጆሮ፣ የሦስተኛው መጠጥ እየተነሳ ተዘረገፈ። ሃያ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሕመም ምን ያህል አጥንተው እንደያዙ ለማየት ያስፈራል። ዊንታ መጀመሪያ ትጽፍ ነበር፤ ቀስ በቀስ እጇ ቆመ። "እንዲህ አይደለም፣ እባካችሁ፣ የሌላ ሰው ሕመም አንናገርም" አለች። የሰማት የለም። አቶ ተስፋሁን ከኋላ ሆነው ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ አውጥተው ይጽፋሉ።

ለተሚካኤል ከገብረዮሐንስ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም አልተናገሩም፤ የተነሳባቸውም አልነበረም። ተራው እየቀረበ መሆኑ ይታወቃታል።

"አሁን ወደ እርማት ክፍል እንምጣ" አለ ዘርኡ። ከእሷ ጋር የቆየ ቂም ነበረው፤ ስንቱን ዓመት ቀዩን እስክሪብቶ አፍንጫው ሥር አወዛውዛበታለች። "ያ በር ለምንድነው ሁልጊዜ የሚቆለፈው? እሺ፣ ይህም ይቅር። ያን የጥሪ ካርድ የፈረመው ማነው?"

አዳራሹን ሳቅ አፈነው። ካርዱን የማያስታውስ የለም። ለአንድ ማኅበር በዓል የተዘጋጀ አምስት መቶ የጥሪ ካርድ ነበር። ጸሐፊዋ ከ በምትለው ቦታ ቀ መትታ "የተከበሩ የክብር እንግዳችን" የሚለው "የተቀበሩ የክብር እንግዳችን" ሆኖ ታትሞ ወጣ። እንግዳው ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ልጆቻቸው እዚህ ድረስ መጥተው ግቢውን አመሱት። ያ ሥራ የመጣው ገብረዮሐንስ መድኃኒቱን ሊያመጣ በሄደበት ቀን ነበር። ለተሚካኤል ብቻዋን ካርዱን ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ አቅርባ፣ አርቃ፣ አዘንብላ አየችውና፣ ሦስት መስመር ምን ይሳሳታል ብላ ፈረመች።

"ተከበሩና ተቀበሩ" አለ ዘርኡ እጁን እየዘረጋ። "ይህን ያሳለፈ ሰው ሁለት ነው። ወይ ሥራውን ይንቃል፣ ወይ ዓይኑ አያይም። የትኛው ነው? ይነገረን።"

ዓይኑ አያይም። ዘርኡ ለነገር ማሳመሪያ ይበለው፣ ሰምቶ ይሁን፣ ለተሚካኤል ማሰቢያ ጊዜ አልነበራትም። አርባ ፊት ወደ እሷ ሲዞር ተሰማት፤ አንዱንም ግን ለይታ አታየውም። የቀድሞው አዳራሽ ትዝ አላት። ቀድሞ የተናገረ ይተርፋል። ተነሳች።

"ያን ዕለት አንባቢ አልነበረኝም። ለምን እንዳልነበረኝ ልንገራችሁ?"

ገብረዮሐንስ ቀና ብሎ አያት። ጉልበቱ ነጠላዋን ነክቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

"ገብረዮሐንስ በየወሩ የሚጠፋው ለለቅሶ አይደለም። የሚጥል በሽታ አለበት። መድኃኒት ሊያመጣ ነው የሚሄደው። እርማት ክፍል ወለል ላይ ሲወድቅ የደገፍኩት እኔ ነኝ። በሩም የሚቆለፈው ለእሱ ሲባል ነው። የእሱን ሥራ ደርቤ ስሠራ ነው ያ ስህተት ያመለጠኝ።"

እውነትና ውሸት እንዲህ ባንድ ላይ ተጋምዶ ሲወጣ ውሸቱን ማንም አይለየውም። ስትቀመጥ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር፤ ይህን ልደብቅላት አልችልም። ዳነች። ከዚያ ከጎኗ የተቀመጠው ሰው ትንፋሽ ተሰማት።

"ያ ረቢ" አለች ዙህራ፤ መጻፏን አቆመች። "ጋሽ ገብሬ?"

"ተገምጋሚው ሂሱን ይቀበላል?" አለ ዘርኡ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ ነገር ግን መድረክ ነውና መቀጠል ነበረበት።

ገብረዮሐንስ ተነሳ፤ ኮቱን አስተካከለ። "እቀበላለሁ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ከወደቅኩ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኛል። መድኃኒቴን አንድ ቀን አላጓደልኩም።"

"በወይዘሮ ለተሚካኤል ላይ ያለህን ሂስ አቅርብ።"

ለተሚካኤል እጆቿን እርስ በርስ አጣብቃ መሬት መሬቱን አየች። አሁን ይናገራል። ቢናገር ይገባዋል። እሷ ብትሆን ሳትጠየቅ ትናገር ነበር።

"ምንም የለኝም" አለ ገብረዮሐንስ። "ጎበዝ አራሚ ናት። ዓይኗም ከሁላችን ይሻላል። ዙህራ፣ በቃለ ጉባኤ ያዢልኝ።"

ዙህራ ጻፈች። አቶ ተስፋሁን ማስታወሻቸውን ዘግተው ተነሱ። "ማሽን በሚዞርበት ቤት ውስጥ የሚወድቅ ሰው ማኖር አልችልም። አቶ ገብረዮሐንስ ጉዳይዎ እስኪወሰን ቤትዎ ይቆዩ። ነገ ጠዋት ዕቃዎን ይውሰዱ።"

"አይቻልም!" ዊንታ ወንበሩን ገፍታ ቆመች። "ይህ ጥናት ሰው ለመቀነስ አይደለም! የሰው ምስጢር ነው፣ እሱ እንዲታከም እንጂ..."

"ማስታወቂያው ላይ ግምገማ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?"

"እኔ ግምገማ ያልኩት ድርጅቱን ለ..."

"ግምገማ እንግዲህ ይህ ነው።" አቶ ተስፋሁን በሩን ከፍተው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ዊንታ እርማት ክፍል መጣች። ሳታንኳኳ ነው የገባችው። ፈገግታዋ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"አንድ ነገር እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነው" አለች ቆማ። "የፕሮግራሙ መጀመሪያ ምን እንደነበር ያውቃሉ? ዓይን። ማተሚያ ቤት ስለሆነ። ሐኪሞቹ እዚሁ መጥተው ሊያዩ፣ ሞራ ያለበትን በቀዶ ሕክምና ሊያወጡለት፣ ሥራ ሳይለቅ። ሁሉም ነገር አልቆ ነበር፤ የቀረው እናንተ ትፈልጉታላችሁ ወይ የሚለው ብቻ ነው። አርባ አንድ ሰው ጠየቅኩ። ዓይኔን ያለ አንድ ሰው አጣሁ።"

"ማነው የነገረን?" አለች ለተሚካኤል። " ለምን አስቀድመሽ አልተናገርሽም?"

"መልሳችሁን እንዳላስቀይራችሁ ብዬ! የጥናት ሕጉ እንደዚያ ነው። እርስዎ ራስዎ ምን አሉኝ? መርፌ አምጪ አላሉኝም?"

"አንቺ ነሽ ግምገማ ብለሽ ሰውን ያባላሽው! ትምህርትሽን እዚያው ይዘሽ ሂጂ!"

"እኔ ቃል ተሳሳትኩ" አለች ዊንታ። "እርስዎ ግን አራሚ ነዎት። ፈርመውበታል።" ወጣች። "ድርጅቱ ዝግጁ አይደለም" ብላ ሪፖርቷን ያን ዕለት ማታ ላከች።

ለተሚካኤል ሌሊቱን አልተኛችም። ዓርብ ጠዋት ቢሮዋን ስትከፍት ጠረጴዛው ላይ ፖስታ አገኘች። የድርጅቱ ማኅተም መሆኑን በክቡ ለየችው፤ ፊደሉን ግን እንዴት ታድርገው? መስኮቱ ጋ ወሰደችው፣ ከአፍንጫዋ አስጠጋችው፣ መልሳ አራቀችው። የስንብት ይሆን? ማንን ልታስነብብ? ለዙህራ ብትሰጣት ለምን አላነበብሽውም ትላታለች። እንዲህ እንደቆመች በሩ ተንኳኳና ገብረዮሐንስ ባዶ ካርቶን ይዞ ገባ።

ሰላም አላት። መሳቢያውን ከፍቶ መነጽሩን፣ ሁለት መዝገበ ቃላቱን፣ የሻይ ብርጭቆውን ካርቶን ውስጥ አደረገ። እሷ አጠገቡ ቆማለች።

"ገብሬ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ። ፈርቼ ነው።"

"አውቃለሁ። ይቅር ለእግዚአብሔር።" ድምፁ ላይ ቁጣ የለም፤ የወትሮው ሙቀትም የለም። "እሱ ምንድነው የያዝሽው?"

ሰጠችው። መጀመሪያ ለብቻው አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ አነበበላት።

"ለወይዘሮ ለተሚካኤል። በትናንቱ ግምገማ ላሳዩት ግልጽነትና ለድርጅቱ ላለዎት ተቆርቋሪነት ምስጋናችንን እናቀርባለን። የእርማት ክፍልን ሥራ ብቻዎን መወጣት እንደሚችሉ በመረጋገጡ የአንባቢነት የሥራ መደብ ከዛሬ ጀምሮ የታጠፈ መሆኑን፣ ንባቡንም እርማቱንም ደርበው እንዲሠሩ የተመደቡ መሆኑን እናስታውቃለን። ተስፋሁን።"

ለተሚካኤል የወንበሩን ጀርባ ያዘች። "ምን ላድርግ?"

"ዓይንሽን ንገሪያቸው።"

"ቢያባርሩኝስ?"

"እኔን ያባረሩኝ ስለታመምኩ አይደለም፣ ለተ። ታምሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ስለተናገረብኝ ነው።" ካርቶኑን አነሳ። "ባንቺ ላይ የሚናገር የለም። ሊናገር የቀረ ካለ ራስሽ ነሽ።"

ሸኘችው ማለት አይቻልም፤ ወንበሩን እንደያዘች ቀረች። ደረጃውን ሲወርድ እየራቀ የሚሄደውን ኮቴውን ሰማች።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ዘርኡ እየተንደረደረ ገባና አንድ ትልቅ የሙከራ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "ቶሎ ፈርሚልኝ። የመድኃኒት ሳጥን ውስጥ የሚገባው ነው፤ የሕፃናት ሽሮፕ መመሪያ። ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል።"

ለተሚካኤል ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። ግራጫ ነው። በኪሎ ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል ጊዜ የሚሉ ቁጥሮች እዚያ ውስጥ አሉ፤ አሥሩ መቶ ሆኖ ቢሆን አታውቅም። እስክሪብቶውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

"አላይም" አለች።

"እ?"

"ዓይኔ አያይም፣ ዘርኡ።"

ዘርኡ ትንሽ አያትና ሳቀ። "ሙድ አትያዢብኝ እንጂ! ግምገማው ትናንት አልቋል። ዓይኗ ከሁላችን ይሻላል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ አቶ ተስፋሁንም ፈርመውበታል። በይ፣ ይኸው እዚህ ጋ ነው።" እስክሪብቶውን ጣቶቿ መሃል ከተተና የሚፈረምበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ መታ መታ አደረገላት።

እስክሪብቶውን ወረወረችው።

"አላይም እኮ ነው የምልህ!" ጮኸች። "ሁለት ዓመቴ ነው! ገብረዮሐንስ ነበር የሚያየው! ሁሉንም እሱ ነበር የሚያየው፣ እኔ መፈረም ብቻ ነው! ያን ካርድ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም! ጻፉት! ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፉት!"

ኮሪደሩ ላይ በሮች ተከፈቱ። ዙህራ የጥራዝ ሙጫ ያለበትን እጇን እንደዘረጋች ወጣች፤ አቶ ተስፋሁን ከላይኛው ፎቅ አንገታቸውን አሰገጉ። ለተሚካኤል መጮኋን አላቆመችም። ቤቱ በሙሉ ሰማት። ገብረዮሐንስ ግን በዚያ ሰዓት ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ በሚወስደው ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ነበርና አልሰማም።